የአባዬ ዲኤክስ ጊቤ ላይ ሙቀት ሠራች፤ ቴርሞስታቱን ላውጣው ወይስ ልተወው?

የአባዬ ዲኤክስ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ጅማ ነው፣ ቆጪ ሰፈር። አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የተወልን መኪና የ1982 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ሞዴሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሞተሯ 4ኬ። ሁላችንንም ትምህርት ቤት ያመላለሰችን፣ ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ እማዬን በሌሊት ሆስፒታል ያደረሰች፣ ከአጋሮ ዘመዶቻችን ጋ ቡና በጆንያ የጫነች መኪና ናት። «ሽጧት» የሚለን ብዙ ነው። አንሸጣትም። ብንሸጣትስ በምን እንተካታለን? በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አቅማችን አይፈቅድም። ስለዚህ ያለችንን ተንከባክቦ መያዝ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ከተማ ውስጥ ስነዳት ደህና ናት፤ የሙቀቱ ጌጅ ከግማሽ አያልፍም። ባለፈው እማዬን ለሐኪም ቀጠሮ አዲስ አበባ ወስጃት ስንመለስ፣ ጊቤ በረሃ ወርደን ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን ጌጁ ወደ ቀዩ ወጣ። ወዲያው ዳር ይዤ አጠፋሁት። እማዬን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጬ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ በጀሪካን የያዝነውን ውሃ ሞልቼ ቀስ እያልኩ ጅማ ገባን። እማዬ ምንም አላለችም፣ ግን ከዚያ ወዲህ «በአውቶብስ ብንሄድ አይሻልም?» ትለኛለች። ይሄ ነው ያመመኝ።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውዬው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ቴርሞስታቱን አውጥተሽ ጣይው፣ ለቀዝቃዛ አገር የተሠራ ነው» አለኝ፤ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ ማለቱ ነው። አጎቴም ያንኑ ነው የሚለው። ወንድሜ ደግሞ የኤሌክትሪክ ፋን እንግጠምላት፣ ከቻልንም ትልቅ ሞተር እንቀይርላት ይላል። ማንን ልስማ?

ሌላም አለ። ክረምት ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትላለች። ዝናብ ያደረ ዕለት ባትሪው እስኪደክም ብትሞክሩ አትነሳም፤ ፀሐይ ወጥቶ ረፈድ ሲል ምንም እንዳልነበረ ትነሳለች።

የአባዬ የመፍቻ ሣጥን እኔ ጋ ነው። ከእሱ ጋር ካንዴላና ዘይት መቀየር ተምሬያለሁ። ግቢያችን ሰፊ ነው፣ ራሴ መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

የጊቤ ሹፌር፦

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ወዲያው ቆመሽ ማጥፋትሽ ትልቅ ነገር ነው። የ4ኬ ብሎኩ ብረት ነው፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ግን አሉሚኒየም ነው። ሙቀት ከበዛበት ይጣመማል። «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ልድረስ» ብሎ የነዳ ሰው ቴስታታ ሲያስተካክል ነው የሚውለው።

በዚህ መንገድ ከሃያ ዓመት በላይ ተመላልሻለሁ። ቴርሞስታቱን አታውጪ። ቢያንስ አሁን አታውጪ። መጀመሪያ በነፃ የሚታየውን እይ፣ ቀጥሎ በትንሽ ብር የሚቀየረውን።

አንደኛ የራዲያተሩን ክዳን እይ። ሰው ይሄን ክዳን የድስት ክዳን ይመስለዋል። አይደለም። ሥራው ግፊት መያዝ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 100 አይደርስም። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ካለ በዚያ ግፊት ውሃው ሳይፈላ ወደ 115 ዲግሪ ይደርሳል። ክዳኑ ከሞተ ግን 94 ላይ መንፈር ነው፤ እንፋሎቱ ያመልጣል፣ ውሃው ይጎድላል፣ ከዚያ ዳገት ሲመጣ አለቀ። ጎማውን በጣትሽ ዳብሺው። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ፣ ወይም የራዲያተሩ አፍ ቅርጽ ተቀርጾበት ከቀረ ሞቷል። ስፕሪንጉንም ጫን አድርጊው፣ ጠንከር ማለት አለበት። ይሄን ሁሉ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያድር ነው የምታደርጊው፤ ትኩስ ሆኖ ክዳን ከፍቶ ፊቱን የተቃጠለ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ቀጥሎ የፋኑን ቺንጋ፣ ማለትም ቀበቶውን። በሁለቱ ፑሊ መሐል በአውራ ጣትሽ ጫን ስትይው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከገባ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ፋኑም የውሃ ፓምፑም አብረው ይደክማሉ። በዚያው ፋኑን የሚከበው የላስቲክ መከለያ አለ ወይስ የለም? ብዙ ዲኤክስ ላይ ለሥራ ሲፈታ ይወጣና ሳይመለስ ይቀራል። ያለ እሱ ፋኑ አየሩን በራዲያተሩ በኩል መሳብ ትቶ እዚያው ያንኑ ሙቅ አየር ያሽከረክራል። በፍጥነት ስትሄጂ አይታወቅም። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስትጎተቺ ነው የሚታወቀው።

ከዚያ ራዲያተሩ። ከፊት ሳይሆን ከሞተሩ በኩል እይው፣ በባትሪ መብራት። ብርሃኑ በሌላው በኩል ካልታየሽ ፊኖቹ (በቱቦዎቹ መሐል ያሉት ስስ ቅጠሎች) ተደፍነዋል። ውሃ በቀስታ ከሞተር ወደ ፊት አጥቢው። በኃይል ከረጨሽው ፊኖቹ ይተኛሉ።

ከዚህ በኋላ ጻፊልን።

ቦሳ ልጅ፦

እኔ ቴርሞስታት ካወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ያው ዲኤክስ ነው፣ አንድም ቀን ሙቀት ሠርቶብኝ አያውቅም። ሰው ለምን እንደሚያወሳስበው አይገባኝም። ከጅማ ሊሙ፣ ከጅማ ቦንጋ እመላለሳለሁ። ቤንዚን ትንሽ ይበላል፣ እሱን አልክድም። ግን መንገድ ላይ ከመቆም ይሻላል። እማማን ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ አውጪውና ተገላገይ።

ካቻቢቴ፦

በሙያዬ መካኒክ ነኝ። ቦሳ ልጅ፣ ያንተ መኪና ራዲያተሯ ንጹሕ ስለሆነ ነው ያልሞቀችው፤ ቴርሞስታቱ ቢኖርም አትሞቅም ነበር። ቤንዚን ይበላል ያልከው ላይ ግን ልክ ነህ፣ እሱ ራሱ መልሱ ነው።

ቴርሞስታት በር ነው። በአብዛኛው 82 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራል። ከዚያ በታች ውሃውን ሞተር ውስጥ ያቆየዋል፣ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ። ከተከፈተ በኋላ ውሃውን አይከለክልም። እንግዲህ ጊቤ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲግል በሩ ድሮ ተከፍቷል፣ ካልተበላሸ በስተቀር። የተከፈተን በር ነቅሎ መጣል ራዲያተሩን አያጸዳውም።

ሲወጣ የሚመጣውን ልንገርሽ። ጅማ ጠዋት ብርድ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ትምህርት ቤት ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ፣ ገበያ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ቤንዚኑ በደንብ ሳይተን ሲሊንደር ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይበላል። ዘይቱ ውስጥ የገባ እርጥበትም ሳይተን እዚያው ይቀራል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቺ ቡናማ ቅባት የመሰለ ነገር ከታየሽ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ይሄ በአንድ ወር አይታይም። በዓመታት ነው የሚታየው፣ ያኔ ደግሞ ቴርሞስታቱን ያስወጣሽን ሰው ማንም አያስታውሰውም።

በሩ በትክክል መከፈት አለመከፈቱን ለማወቅ ግን መገመት አያስፈልግም። ፍቺውና ድስት ውስጥ ውሃ ሞልተሽ በክር አንጠልጥይው፣ የድስቱን ታች እንዳይነካ። ምድጃ ላይ ጣጂው። ውሃው መንተክተክ ሳይጀምር መከፈት አለበት። ውሃው ፈልቶም ካልተከፈተ ያኔ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ አውጥተሽ በአዲስ ቀይሪው። ጓርኒሲዮኑንም (በመሐል የሚገባውን ማሸጊያ) አብረሽ ቀይሪ፣ አሮጌው ተመልሶ አይገጥምም።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ከዚያ ቀን ሙቀት በኋላ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነፍሶ እንደሆነ እይ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ፣ አስነሺ፣ ሰው ጋዝ ቀስ አድርጎ ይስጥልሽ። መጀመሪያ የተወሰነ አረፋ መምጣቱ ያለ ነው። ሳያቋርጥ እንደ ለስላሳ የሚፍለቀለቅ ከሆነ ግን ጓርኒሲዮኑ አልፏል። የዘይት ዲፕስቲኩ ላይ ሻይ በወተት የመሰለ ነገር ካየሽም እንደዚያው ነው። ያ ከሆነ ቤት ውስጥ አትጀምሪው፣ ቴስታታው ተፈትሾ መስተካከል አለበት።

ስለ ክረምቱ አለመነሳት ደግሞ፦ ባትሪውን አትውቀሺው። ዝናብ ባደረበት ቀን ብቻ ከሆነና ሲደርቅ የሚነሳ ከሆነ እርጥበቱ የካንዴላውን እሳት እያሸሸው ነው። ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ክፈቺ፣ ሞተሩን አስነሺ፣ መብራት ሁሉ አጥፊ። ትንሽ ውሃ በመርጫ ገመዶቹ ላይና እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር አካባቢ እንደ ጤዛ አድርጊበት። እጅሽን አታስገቢ። ሰማያዊ ብልጭታ ከታየሽ እሳቱ የሚያመልጠው እዚያ ጋ ነው።

ትልቅ ሞተር ለሚለው ወንድምሽ፦ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞተር ቀይሮ ሊብሬውን ሳያስተካክል ለቦሎ የሄደ ሰው ከመሐንዲሱ ጋር ሲጨቃጨቅ ነው የሚውለው። ደግሞ ፍሬኑ የተሠራው ለ1,290 ሲሲ ሞተር ነው። ጉልበት ከመጨመር በፊት ማቆም ይቀድማል።

የአባዬ ዲኤክስ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቅዳሜና እሁድ ስሠራ ዋልኩ፣ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ክዳኑ ሞቷል። ጎማው በጥፍሬ ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ቺንጋው ልል ነበር፣ እሱን በዳይናሞው ቡሎን አጠበቅኩት። የፋኑ መከለያ የለም። ወንድሜን ጠየቅኩት፣ እሱም አያስታውስም። ከዚያ ግን የቤታችን ጣሪያ ሥር፣ አባዬ ዕቃ የሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ጆንያ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘነው። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «የዲኤክስ» ብሎ ጽፎበታል። አባዬ ምንም አይጥልም ነበር። ጆንያውን ይዤ እዚያው ትንሽ ተቀመጥኩ።

ራዲያተሩን በባትሪ ሳየው ከታችኛው ግማሽ ብርሃን አያልፍም። ፈታሁት። አራት ቡሎን ነው፣ ሁለቱ ዝገው ስለነበር ዘይት አጠጥቼ አሳደርኳቸው። ግቢ ውስጥ አስተኝቼ ከኋላ በኩል ውሃ ሳፈስበት መጀመሪያ ቀይ ጭቃ ወጣ፣ ቀጥሎ ትንኝና ቢራቢሮ፣ ከዚያ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው፣ የቡና ገለባ። ስንት ዓመት አጋሮ ስንመላለስ፣ መፈልፈያ በር ላይ ስንቆም የገባ ነው መሰለኝ። ጎረቤታችን እትዬ መጥተው እፍኝ አንስተው አሸተቱና «ይሄማ ቡና ነው» አሉ። ያን ሁሉ ዓመት ከፊት ሳየው ንጹሕ ይመስለኝ ነበር።

ውስጡም ጥሩ አይደለም። ከታች ያለውን መክፈቻ ስፈታ የወጣው ውሃ የሸክላ ቀለም ነው። ለካ ሁሌም የምንሞላው የቧንቧ ውሃ ነው።

ቴርሞስታቱን ድስት ውስጥ ሞከርኩት። እማዬ «የወጥ ድስቴ ነው» ብላ ስለተቆጣች በአሮጌ ጣሳ አደረግኩት። ውሃው ዳር ዳሩን አረፋ መያዝ ሲጀምር ቀስ ብሎ ተከፈተ። አብረን ነው ያየነው፤ ወንድሜ፣ እማዬና እኔ ጎንበስ ብለን። ሳወጣው ደግሞ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ስለዚህ ጤነኛ ነው፣ መልሼ አስገባዋለሁ።

አረፋ የለም፣ ዲፕስቲኩም ንጹሕ ነው። እፎይ ብያለሁ።

ማታ ያልከኝን ብልጭታም አየሁት፣ ካቻቢቴ። ከመሐለኛው ገመድ ሥር፣ የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ላይ። ቀን ስፈታው በጣም ቀጭን ስንጥቅ አለው፣ እርሳስ የተሰመረበት ይመስላል።

አሁን ጥያቄዬ፦ ራዲያተሩን አዲስ ልግዛ ወይስ ይሠራል? ውሃውስ ምን ልሙላ? የኤሌክትሪክ ፋኑንስ ምን ልበለው፣ ወንድሜ አሁንም አልተወውም።

የጊቤ ሹፌር፦

አትግዢ። የድሮው ራዲያተር መዳብና ነሐስ ነው። ራዲያተር የሚሠሩ ሰዎች ላዩን በእሳት አላቅቀው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በቀጭን ብረት ይጠርጉና መልሰው ይበይዱታል። አዲስ ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ስስ አሉሚኒየምና ላስቲክ ናቸው፣ ሲሰነጠቁ መጣል ነው። ሲጠረግ እዚያው ቆመሽ እይ። ሲያበቁ ውሃ ሞልተሽ ከታች ስትለቂው በአንድ ጊዜ ግልብጥ ማለት አለበት።

ከታች ያለውን ማኒኮቶም (የውሃ ጎማውን) እይ። ለስልሶ እንደሆነ ጋዝ ሲሰጥ ፓምፑ ይስበውና ይጣበቃል። ውስጡ ስፕሪንግ ካለው ጥሩ ነው።

ውሃ ብቻ አትሙዪ። ብረትና አሉሚኒየም አንድ ውሃ ውስጥ ሲኖሩ አሉሚኒየሙ ይበላል። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የምንሞላው ጅማ በረዶ ስለሚጥል አይደለም፣ ዝገቱን ስለሚከለክል ነው። ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር። የተጣራ ካጣሽ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከቧንቧው ይሻላል፣ በእኛ ከተማ ደግሞ ዝናብ አይታጣም። አሮጌውን ኩላንት ግን ግቢ ላይ አትድፊው፣ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም በግም ይጠጣዋል፣ መርዝ ነው። የተቃጠለ ዘይትም እንደዚያው። አዌቱ ወንዝ ላይ የሚደፉትን ሳይ ያቃጥለኛል።

ሄርማታ ኤሌክትሪክ፦

ስለ ፋኑ እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። መከለያውን ካገኛችሁት የሞተሩ ፋን ይበቃችኋል። የኤሌክትሪክ ፋን በራሱ መጥፎ አይደለም። ግን የድሮው ዳይናሞ አቅሙ ትንሽ ነው፣ ማታ በዝናብ ከመብራትና ከዝናብ መጥረጊያው ጋር ሲደመር ባትሪው መውረድ ይጀምራል። ብዙ ሰው ደግሞ በማብሪያ ብቻ ያስገጥመውና ማብራቱን ይረሳል። የቺንጋው ፋን አይረሳም።

ወንድምሽ እጁ ከበላው የምር የሚጠቅም ሥራ ልስጠው፦ የፊት መብራት ሪሌይ፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ። በብዙ የድሮ መኪና የመብራቱ ኤሌክትሪክ በመሪው ሥር ባለው ማብሪያ በኩል ነው የሚያልፈው። አርባ ዓመት የሆነው ገመድ መንገድ ላይ ቮልቴጁን ይበላዋል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለኩ፣ ከዚያ መብራት በርቶ አምፖሉ ጀርባ ለኩ። ልዩነቱ ከአንድ ቮልት በላይ ከሆነ መብራቷ የደበዘዘው አምፖሉ አርጅቶ አይደለም። ሁለት ሪሌይ፣ አንዱ ለረጅም አንዱ ለአጭር፣ ወፈር ያለ ገመድ ቀጥታ ከባትሪ፣ ባትሪው ሥር ፊውዝ። የድሮው ገመድ ሪሌይ ማዘዣ ብቻ ይሆናል። ምንም ሳይቆረጥ ይሠራል፣ ስትፈልጉም ወደ ድሮው ትመልሱታላችሁ። ፊውዙን እንዳትዘሉት፣ መኪና በዚህ ተቃጥሎ አይቻለሁ።

የዲስትሪቢውተሩን ክዳን በሙጫ አትለጥፉት። አዲስ ግዙ፣ የውስጡን ሮተርም አብራችሁ። ከፍታችሁት እያላችሁ የኮንታክት ፖይንቱን (እሳቱን የሚቆራርጠውን) ክፍተት 0.45 ሚሊ ሜትር አድርጉ። እሱ ሲቀየር ታይሚንጉም (እሳቱ የሚነሳበት ጊዜ) ይቀየራልና በታይሚንግ ላይት መታየት አለበት። ታይሚንግ ወደ ኋላ የቀረ ሞተርም ዳገት ላይ ይሞቃል፣ ይሄን ማንም አላነሳውም።

ቦሳ ልጅ፦

ካቻቢቴ የጻፍከውን አንብቤ የዘይት ክዳኔን ከፈትኩት። ያልከው ቡናማ ቅባት አለ፣ ብዙ ነው። ቴርሞስታት መግዛት እፈልጋለሁ፣ የ82 ዲግሪው ለ4ኬ ይሆናል?

ካቻቢቴ፦

ይሆናል ወንድሜ። አሮጌው ካለህ ይዘህ ሂድ፣ ስፋቱን አስተያየው። ስትገጥም ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ፣ ትንሿ የአየር መውጫ ቀዳዳ ወደ ላይ። ዘይቱንም በዚያው ቀይረው።

የአባዬ ዲኤክስ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ራዲያተሩ ተጠርጎ ገብቷል። ስድስት ቱቦ ጭራሽ ተደፍኖ ነበር። አዲስ ክዳን፣ አዲስ ቺንጋ፣ የታችኛው ማኒኮቶ፣ ኩላንት፣ የዲስትሪቢውተር ክዳንና ሮተር። ታይሚንጉን ሌላ መካኒክ በላይት አስተካከለልኝ፣ በእርግጥም ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። መከለያው ገብቷል፣ የአባዬ ጽሑፍ አልተፋቀም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀን ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ሁለቱንም ጠዋት በመጀመሪያው ተነሳች።

ትናንት ከእማዬ ጋር ከአዲስ አበባ ተመለስን። ጊቤ ስንወርድ ቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር፣ ሙቀቱ አይጣል። ድልድዩ ጋ ሳልቆም በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱን ጀመርኩ። ከጌጁ ላይ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ግማሹን ትንሽ አለፈና እዚያው ቆመ። ያን ቀን ያረፍንበት ዛፍ ጋ ስንደርስ እማዬ በጣቷ አሳየችኝ፣ አለፍነው። አናቱ ላይ ስንወጣ ነፋሱ ቀዝቀዝ አለ፣ ጌጁም ተመለሰ። ሰኮሩ ቡና ጠጣን። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ እማዬ ስለ አውቶብስ አላነሳችም።

ወንድሜ ሪሌዮቹን ገዝቷል፣ እሁድ እንጀምራለን። ሄርማታ፣ ከባትሪው ለሚወጣው ገመድ ስንት አምፔር ፊውዝ እናድርግ? አምፖሎቹ 60 በ55 ዋት ናቸው።

ሄርማታ ኤሌክትሪክ፦

እንኳን ደስ ያላችሁ! ሁለቱ 60 ዋት አብረው ሲበሩ 10 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ለረጅሙ አንድ 15፣ ለአጭሩ ሌላ 15 አድርጉ፣ ለየብቻ፤ አንዱ ቢቃጠል በሌላው ቤት ትገባላችሁ። ገመዱ 2.5 ካሬ ይሁን። ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ።